ለዓይን ዕድሜ ምን ያደርጋል?

ዕድሜ የሚጠየቀው ለዕድርና ለጡረታ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሐኪም ቤት ካርድ ሲወጣ «ስም? ዕድሜ? ቀበሌ?» ሲሉኝም እንደ ወግ ነበር የምቆጥረው፤ ይጠይቃሉ፣ ይጽፋሉ፣ ማን መልሶ ያነበዋል እል ነበር። ለካስ የሚያነበው አለ። ይህን የምጽፈው ዓይናችሁን በሌዘር ለመታከም ያሰባችሁ ሁሉ የእኔን ጉድ ሰምታችሁ፣ ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ዕድሜያችሁን በትክክል እንድትናገሩ ነው። የእኔ እንደሆነ የሆነው ሆኗል።

አስናቀች እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። ባሌ ካረፈ ቆይቷል፤ ያለችኝ አንዲት ልጅ ቤዛ ናት። መኪና ግርግር ላይ ስፌት ቤት አለኝ። ሐረርን ለማያውቅ፣ መኪና ግርግር ማለት ወደ ጊደር መጋላ ገበያ የሚያወርደው ጠባብ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ ልብስ ሰፊ ነው፣ ስሙም ከስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው ይባላል። እኔ ግን በመኪና ከምሰፋው ይልቅ የምታወቀው በእጅ ጥልፍ ነው። ሙሽራ የሚያለብሱ ሰዎች ከድሬዳዋ ድረስ ይመጡልኝ ነበር።

ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሩቅ አያይም። መነፅሬ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል ነበር፤ እሱም ቢሆን ሩቁን በደንብ አያጠራልኝም። ሸዋ በር ላይ ከታክሲ የሚወርድ ዘመድ እጁን እያወዛወዘ ሰላም ሲለኝ ካላወቅኩት «አስናቀች ኮራች» ይባላል፤ ስንቱን አስቀይሜያለሁ። ለቅርብ ነገር ግን ማንም አይወዳደረኝም ነበር። መነፅሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ ጨርቁን አፍንጫዬ ሥር ሳመጣው እያንዳንዷ ክር ገመድ አክላ ትታየኝ ነበር። እናቴ ነፍሷን ይማርና «ሩቁን ቢነፍጋት ቅርቡን ደርቦ ሰጣት» ትል ነበር። ቤዛን የወለድኩ ቀንም አዋላጇ ስታቀብለኝ መነፅሬን አውልቄ ነው ያየኋት፤ ሽፋሽፍቷን አንድ ባንድ አየሁት። ሰው በደንብ የማየው እንደዚያ አስጠግቼ ነበር።

አሁን ስለ እህቴ ልናገር፤ ያለ እሷ ነገሩ አይገባችሁም። እትዬ ጥሩወርቅ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። ቆንጆ ናት፣ አለባበስ ታውቃለች፣ ደጓም እሷው ናት። ከመጀመሪያ ባሏ ተፋትታ ብዙ ከቆየች በኋላ መምህር ደረጀን አገባች። ደረጀ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ ዝምተኛ፣ ጨዋ። በስድስት ዓመት ታንሰዋለች ወይስ ትበልጠዋለች ብትሉኝ ትበልጠዋለች። እሷ ግን ሲጋቡ ከዕድሜዋ ላይ ዘጠኝ ዓመት ቀንሳ ነገረችው። እሷ ዘጠኝ ስትቀንስ እኔም ዘጠኝ መቀነስ ግድ ሆነብኝ፤ አለበለዚያ ታናሽ ሆኜ ታላቄን ልበልጣት ነው።

ስለዚህ አርባ ሰባት ዓመት የሆነኝ ሴት በቤተሰቡ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ነበርኩ። ደረጀ አርባ አምስት ነው። ሁለት ዓመት የምበልጠውን ሰውዬ «ጋሼ፣ ጋሼ» እያልኩ ኖርኩ። ቤዛ ደግሞ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ሒሳቡን ማንም አልሠራውም፣ ወይም እንዲያ መስሎን ነበር። እኔም በልቤ እስቅ ነበር እንጂ አልከፋኝም። የእህቴ ትዳር ከሚፈርስ እኔ ጋሼ ብል ምን ይጎድልብኛል?

ባለፈው ዓመት ቤዛን ለመጠየቅ ሽማግሌ መጣ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ፤ እኔም ቀሚሷን በእጄ ልጠልፍላት ጀመርኩ። አንገቱንና ደረቱን ጨረስኩ፤ የቀረው ጠርዙና ከፊት ለፊት ከታች የሚያርፈው መስቀል ነበር። አንድ ቀን እትዬ ጥሩወርቅ መጥታ ሥራዬን ስታይ ቆየችና መነፅሬን ከግንባሬ ላይ አንስታ ተመለከተችው።

«በዚህ ጋን ክዳን ነው የልጅሽ ሠርግ ፎቶ የምትነሺው?» አለችኝ።

«ምን ላድርግ፣ ልጣለው?»

«አዎ፣ ጣይው። አዲስ አበባ በሌዘር ያነሱታል። ወጪውን እንደ ስጦታ እኔና ደረጀ እንችለዋለን።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንዲህ ነው። ዓይኔ ከነመነፅሩ ያሠራኝ ነበር። ግን ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ልቤ ዘለለ። ዕድሜ ልኬን በጭጋግ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ልጄ በአዳራሹ በር ስትገባ ያለ መነፅር ማየት አማረኝ።

እኔ፣ እትዬ ጥሩወርቅና ደረጀ ሦስታችን አዲስ አበባ ሄድን። ክሊኒኩ ንጹሕ ነው፣ ሰው ግን ይበዛል። መጠበቂያው ላይ ከጎናችን አንዲት እናት ተማሪ ልጇን ይዛ ተቀምጣለች፤ ልጅቷ ታለቅሳለች። «ምነው?» ስላት እናትየዋ «ገና ናት አሉን። ዓይኗ አልረጋም፣ የመነፅሯ ቁጥር በየዓመቱ ይጨምራል። አሁን ቢሠሩት ተመልሶ ይበላሻል፣ አድጋ ቁጥሩ ሲቆም አምጫት አሉኝ» አለችኝ። አዘንኩላት። እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አየሽ፣ ዕድሜ የሚያስቸግረው ልጆቹን ነው» አለች። እኔም እፎይ አልኩ፤ ለአንድ ነገር እንኳ ዕድሜዬ የሞላ መሰለኝ።

ወደ ውስጥ ስንገባ ደረጀም ተከትሎን ገባ፤ አስታማሚ ነው፣ ውጣ አይባልም። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ፈገግታ አለው። ዓይኔን በየመሣሪያው አየ፣ የዓይኔን የፊት ሽፋን ውፍረት ለካ። «ለሌዘር የሚበቃ ውፍረት አለሽ» አለኝ። ቀጠለና «ዕድሜሽ ስንት ነው?» አለ።

አፌን ከፈትኩ። ደረጀ ከጎኔ ቆሟል። እትዬ ጥሩወርቅ ቀደመችኝ።

«ሠላሳ ስምንት ናት» አለች።

አፌን መልሼ ዘጋሁት። ለዓይን ዕድሜ ምን ያደርጋል፣ ጥርስ አይደል፣ ጉልበት አይደል አልኩ በልቤ።

«ጥሩ ዕድሜ ነው» አለ ሐኪሙ እየጻፈ። «ለቅርብ መነፅር ታደርጊያለሽ?»

«ኧረ ለቅርብስ ምንም አልፈልግም» አልኩት። እውነቴን ነው። መነፅሬን አውልቄ እንደምሰፋ ግን አልነገርኩትም፤ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነኝና እሱም ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም።

ሕክምናው ራሱ እንደሚፈራው አይደለም። የዓይናችን ፊት ላይ እንደ መስታወት ያለ ስስ ሽፋን አለ፤ ሌዘር ማለት እሱን በጨረር ጠርቦ ቅርፁን ማስተካከል ነው። የሚያደነዝዝ ጠብታ ጨመሩልኝ፣ መብራቱን ትኩር ብለሽ እዪ አሉኝ፣ የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ነገር ሸተተኝ፤ አለቀ። አንዲት ነርስ እጄን ይዛኝ ነበር፤ ስሟን አላውቅም፣ የእጇን ሙቀት ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

ሐረር ስንመለስ ከከተማዋ ራስጌ ያለውን ተራራ፣ ሐኪም ጋራን፣ አየሁት። አርባ ሰባት ዓመት ሥሩ ኖሬ ዛፉን ከዛፍ ለይቼ አይቼው አላውቅም ነበር። ከጋራው የሚወርዱ ሴቶች የተሸከሙት እንጨት ሳይቀር ይታየኝ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ አለቀስኩ፤ እትዬ ጥሩወርቅም አብራኝ አለቀሰች። ደረጀ መስኮቱን ሲያይ ቆየና መሐረቡን አቀበለን።

ዓይኔ ዳነ ብለው ሥራ ጀምሪ ያሉኝ ቀን የቤዛን ቀሚስ አወጣሁ። እንደ ልማዴ ጨርቁን አፍንጫዬ ሥር አመጣሁት። ምንም የለም። ነጭ ደመና ብቻ። ራቅ ሳደርገው ትንሽ ይጠራል፤ ያኔ ደግሞ ክሩ አንሶ ይጠፋኛል። መርፌዋ ላይ ክር ለማስገባት ስሞክር ጣቴን ወጋሁ። ነጩ ጨርቅ ላይ ደም እንዳይነካ ቶሎ አስቀመጥኩት።

አዲስ አበባ ክሊኒኩ ደወልኩ። የሚያነሱት ሰዎች ትሑት ናቸው፤ ፋይሌን ያያሉ። «በዚህ ዕድሜ ለቅርብ አትቸገሪም፣ ዓይንሽ እስኪለምድ ነው። የንባብ መነፅር እንዳታደርጊ፣ ዓይንሽ ይሰንፋል» አሉኝ። እሺ አልኩ። ደግሞ ደወልኩ፣ ያንኑ አሉኝ። ሰንብቶ ዓይኔ ይደርቅ ጀመር፤ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል። እዚሁ ሐረር አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ከታካሚው ብዛት ወንበር አጥቼ ቆሜ ስጠብቅ ጥበቃው የራሱን ወንበር ለቀቀልኝ። ሐኪሙ ስኳር ይሆናል ብሎ ደም አስመረመረኝ፤ ስኳር የለብኝም። ሌላው አለርጂ ነው ብሎ ጠብታ ሰጠኝ። ሌላው ጭንቀት ነው አለኝ፤ እሱስ እውነቱን ነው፣ የተጨነቅኩት ግን ዓይኔ ከታመመ በኋላ ነው። አንዳንዱ ዕድሜዬን ሲጠይቀኝ አፌ ለምዶ ሠላሳ ስምንት አልኩ። ስዋሽ ራሴን አልሰማውም ነበር።

ደንበኞቼ አንድ ሁለት እያሉ ሥራቸውን ወሰዱ። አልፈርድባቸውም፤ የሠርግ ቀን ሰው አይጠብቅም። ማታ ስተኛ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። የቤዛን ቀሚስ ማን ይጨርሰዋል? ልጅቷ ትመጣና «እማዬ፣ የት ደረሰ?» ትለኛለች። «እየሄደ ነው» እላታለሁ፤ ቀሚሱ በከረጢት ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። ምርር ብዬ የማለቅሰው እሷ ስትሄድ ነው። ለደረቀው ዓይኔ እንኳ ጠብታ ሆነኝ።

ጎረቤቴ አው ያሲን የሚባሉ ሐረሪ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መኪናቸውን ከእኔ በር አጠገብ ዘርግተው ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። ምንም አልጠየቁኝም። በየጠዋቱ ግን ክር የገባባቸው መርፌዎች በመርፌ መሰኪያ ትራሴ ላይ ተሰክተው አገኛለሁ። «አው ያሲን፣ አላህ ይስጥልኝ» ስላቸው «አልሐምዱሊላህ፣ አላህ በሽታ ሲያወርድ መድኃኒቱንም አብሮ ያወርዳል» ይሉኛል።

የነገሩ ቁልፍ የተገኘው ሳይታሰብ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ሳላንኳኳ ገባሁ። ጓዳ ተደብቃ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች፤ ዓይኗ ላይ መነፅር አለ። ስታየኝ ደንግጣ መጽሐፉ ሥር ከተተችው።

«መነፅር ታደርጊያለሽ?» አልኳት።

«የንባብ ነው። ለደረጀ እንዳትነግሪው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአርባ አምስቴ ወዲህ። ፊደሉ ጠፋብኝ፤ ባለ መነፅሩ ጋ ብሄድ ዕድሜ ነው፣ ከአርባ በኋላ ሁሉም ሰው ላይ ይመጣል አለኝ። ለዚህ ነው የደበቅኩት…» አለችና ቆመች።

 እሷ መጀመሪያ ገባት። መነፅሩን ከመጽሐፉ ሥር አውጥታ በሁለት እጇ ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁሽ» አለች። «አስኑ፣ እኔ ነኝ።»

 እህቴ ናት። ተናድጄባታለሁ፣ ውስጤ ተቃጥሏል፤ እዚያ ወለል ላይ ሳያት ደግሞ አሳዘነችኝ። ሐኪሙ ጋ ተመልሰን እውነቱን እንንገረው አልኳት። ደረጀን ቤት እንዲቀር ብንለምነው እምቢ አለ፤ «የወሰድኳችሁ እኔ ነኝ፣ የምመልሳችሁም እኔ ነኝ» አለ። ሦስታችንም አዲስ አበባ ተመለስን።

ሐኪሙ ፋይሌን ከፍቶ «በሠላሳ ስምንት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር…» ብሎ ሲጀምር እህቴ ተነሥታ ቆመች። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ እሷ ላይ ግን እያደር የከበደ ይመስለኛል።

«ሠላሳ ስምንት አይደለችም። አርባ ሰባት ናት» አለች። ወደ ባሏ ዞረች። «እኔም አርባ ሁለት አይደለሁም። ሃምሳ አንድ ነኝ። ስለ እኔ ብላ ነው ዝም ያለችው።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ ጀምሮ «አንቺ» ሲለኝ የነበረው ሰው «እርስዎ» ይለኝ ጀመር። ወረቀት ላይ ዓይን ሥሎ አስረዳን። ዓይናችን ውስጥ ሌንስ አለ፤ ከሩቅ ወደ ቅርብ ስናይ እየተለጠጠና እየጎበጠ ይላመዳል። ከአርባ በኋላ ግን እየጠነከረ ይሄዳል፣ አልታዘዝም ይላል።

«የእርስዎም ሌንስ ጠንክሯል» አለኝ። «ግን ሩቅ የማያየው ዓይንዎ ሸፍኖልዎት ነበር። መነፅርዎን አውልቀው የሚሰፉት በዚያው ሩቅ በማያየው ዓይን ነው። እኔ እሱን አስተካከልኩ፤ አብሬ የቅርቡን ወሰድኩብዎት። ዕድሜዎን ባውቅ ወይም ስለ ሥራዎ አጥብቄ ብጠይቅ ኖሮ አንዱን ዓይን ለቅርብ እተውልዎት ነበር። ምናልባትም ይቅርብዎት እልዎት ነበር።»

«አይመለስም?» አልኩት።

«የተጠረበው አይመለስም። የንባብ መነፅር አዝዝልዎታለሁ፤ ይሰፋሉ። እንደ ድሮው አስጠግተው ግን አይሆንም።» ድርቀቱም ዕድሜ ሲገፋ፣ በተለይ በሴቶች ላይ እንደሚብስ ነገረኝና ጠብታ አዘዘልኝ። አጥብቆ ባለመጠየቁ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ነውር ነው።

 እህቴ ደረጀን እያየች እንደሚፈረድባት ሰው ቆማለች።

«አውቃለሁ» አለ ደረጀ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ቤዛ ሃያ አራት ናት። አስናቀች ሠላሳ ስምንት ከሆነች በአሥራ አራት ዓመቷ ወለደቻት ማለት ነው። የሒሳብ መምህር እኮ ነኝ ጥሩዬ፤ ከተጋባን ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ደስ እንዲልሽ። ባለፈውም እዚሁ ክፍል ቆሜ ሰማሁሽ። ላርምሽ ብዬ ይሉኝታ ያዘኝ፤ ለዓይን ዕድሜ ምን ያደርጋል ብዬ ተውኩት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረና አንገቱን ደፋ። «እትዬ አስናቀች፣ ይቅር በይኝ» አለኝ።

እትዬ አለኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ስድብ ቢሰድበኝ አላለቅስም ነበር፤ እትዬ ሲለኝ አለቀስኩ። መጀመሪያ የመጣን ቀን ሦስታችንም እውነቱን እያወቅን እዚያች ክፍል ውስጥ እርስ በርስ ተደባብቀን ቆመን ነበር፤ የማያውቀው ሐኪሙ ብቻ ነበር። የእኔ ዓይን የጠፋው ማንም ላልተታለለበት ውሸት ነው።

ስለዚህ ልጆች ከሆናችሁ ዓይናችሁ እስኪረጋ ታገሡ፤ የመነፅራችሁ ቁጥር ሳይቆም አትቸኩሉ። አርባን ካለፋችሁ የቅርብ ሥራችሁን ንገሩ፤ መነፅራችሁን አውልቃችሁ የምታነቡ፣ የምትሰፉ፣ ሰዓት የምትጠግኑ ከሆነ እሱን ሳትናገሩ ከክፍሉ አትውጡ። በዕድሜ ለገፉ ደግሞ የዓይን ሞራ ሊጀምር ስለሚችል ሌላ ሕክምና ይሻላል ይባላል፤ እሱንም ጠይቁ። ከአስታማሚ ጋር ከገባችሁ፣ ዕድሜ ሲጠየቅ ራሳችሁ መልሱ።

አሁን የንባብ መነፅር አድርጌ እሰፋለሁ። ቁልፍ እተክላለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፤ ጥልፍ ግን ቀርቷል። እትዬ ጥሩወርቅ ከሰዓት ከሰዓት መነፅሯን በሰው ፊት አድርጋ በሬ ላይ ትቀመጥና ክር ታስገባልኛለች። ዕድሜዋን ለሚጠይቃት ሁሉ ትናገራለች፤ አንዳንዴ ሳይጠይቋትም።

የቤዛን ቀሚስ ጠርዝ የጨረሱት አው ያሲን ናቸው። ሲመልሱልኝ መስቀሉ ያልተነካ ነበር። «ይቺን አንቺ ሥሪያት፤ የእናት እጅ ይንካት» አሉኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። መነፅሬ እንባ እየያዘው፣ እየጠረግኩ፣ ሠራኋት። ስጨርስ የመስቀሏ የግራ ክንድ ዘመም ብሏል። ልፍታው ስል ቤዛ ቀሚሱን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ማንም እንዳይነካው» አለች።

የሠርጉ ቀን መነፅር አላደረግኩም። ለዚህ ብዬ አይደል የቅርብ ዓይኔን የከፈልኩት? በአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ተቀምጬ ሳለ በሩ ተከፈተና ልጄ ገባች። በዚያ ሁሉ ርቀት ፊቷ ጥርት ብሎ ታየኝ፣ ፈገግታዋ ታየኝ፣ ዓይኗን መኳሏ ሳይቀር ታየኝ። የመስቀሉ ክንድ መዝመሙም ታየኝ። ከዚያ ወደ እኔ ትመጣ ጀመር። በቀረበች ቁጥር ደበዘዘች። ጉልበቴን ስማ ቀና ስትል፣ ያቺን ሽፋሽፍቷን አንድ ባንድ የማውቃትን ልጅ ፈለግኳት፤ ፊቷ ከፊቴ ስንዝር አይርቅም፣ የማየው ግን ጭጋግ ነበር። በሁለት እጄ ጉንጮቿን ያዝኩ።

«እማዬ፣ አምሬያለሁ?» አለችኝ።

«አምረሻል» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ከሩቅ አይቻታለሁ።